አባታችን ሙከራው ውስጥ ይግቡ ወይስ ይቅርባቸው?

ጥያቄ፦ አባታችን 71 ዓመታቸው ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከወንድሜ ጋር ነው የሚኖሩት። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሞች «ሳንባዎ ላይ ጠባሳ አለ» አሏቸው። አሁን ኦክስጅን በአፍንጫቸው አድርገው ነው የሚውሉት፤ ከመኝታ ቤት ሳሎን እስኪደርሱ ይደክማቸዋል። በቅርቡ የሚታከሙበት ሆስፒታል በትንፋሽ የሚሳብ አዲስ ሕክምና ሙከራ ላይ እንዲሳተፉ ጠየቃቸው። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ግማሹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን እንደሚያገኝ፣ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙ እንኳ እንደማያውቅ ነገሯቸው። አባዬ «ልግባ» ይላሉ። እናቴ «በስተርጅና መሞከሪያ ሊሆን ነው?» እያለች ታለቅሳለች። ወንድሜ ወረቀቱን ልኮልኛል፤ ሃያ ምናምን ገጽ ነው። የቤቱ ታላቅ እኔ ስለሆንኩ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ብለውኛል። ምን ልበላቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ጥያቄዎ የእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም። ልጆቻቸው ዘንድ ለመኖር ባሕር ማዶ የተሻገሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። በዚያ በትልልቅ ሆስፒታሎች ሕመምተኛን ለምርምር መጋበዝ የተለመደ ስለሆነ እንዲህ ያለው ወረቀት አንድ ቀን ሌላም ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ሌሎች አንባቢያንም እንዲጠቀሙበት ጉዳዩን ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። የእናትዎ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም፤ የአባትዎ ፈቃደኝነትም የዋህነት አይደለም። ለሳንባ ሕመም በትንፋሽ ከሚሰጡ ሕክምናዎች ውስጥ በሙከራ ተፈትነው የጠቀሙ አሉ። ምንም ያልፈየዱ አሉ። ጎድተው እንዲቆሙ የተደረጉም አሉ። ከመፈተናቸው በፊት ግን ሁሉም ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ። ሰዎች በፈቃዳቸው ገብተው ባይሞክሩት ኖሮ የቱ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አይታወቅም ነበር።

የሳንባ ጠባሳ ማለት ምን ማለት ነው?

ሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ደም ይፈሳል። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ጠባሳ ሲይዘው ግድግዳው ይወፍራል፤ ሳንባውም እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠነክርና እንደ ልብ አይለጠጥም። ሐኪሞች ፋይብሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው።

ሌላው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ሲኦፒዲ የሚባለው ነው። በዚህኛው የአየር ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ ከረጢቶቹም ይፈርሳሉ። ዋነኛ መነሻዎቹ ሲጋራና፣ እንደ እኛ ባለ አገር ለብዙ እናቶች፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ለዓመታት የተሳበ የእንጨትና የኩበት ጭስ ናቸው።

ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ ቢሆኑም ሲጠኑ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሳንባ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። እሱን ካወቁ የቀረው ሁሉ ይገባዎታል።

የመስኖ ገበሬ ያስቡ። ውኃው ውስን ነው፤ ስለዚህ ቡቃያ ወዳለበት መደብ የሚወስደውን ቦይ ከፍቶ ወደ ድንጋያማው የሚወስደውን ይዘጋዋል። ሳንባም እንዲሁ ነው። አየር በደንብ ወደማይደርስበት ክፍል የሚሄደውን የደም ሥር ራሱ ያጠበውና ደሙን አየር ወዳለበት ይልከዋል። ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1946 በድመቶች ላይ አጥንተው አሳይተዋል።

ችግር የሚመጣው የታመመው የሳንባ ክፍል ሲበዛ ነው። ያኔ ብዙ ቦይ ይዘጋል። ደሙን ወደ ሳንባ የሚገፋው የልብ ቀኝ ክፍል በጠበበ መንገድ ለማሳለፍ ሲታገል ይደክማል፤ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍ ይላል። ይህ ክንድ ላይ ከሚለካው ደም ግፊት የተለየ ነው። ክንዱ ላይ ሲለካ ጤነኛ የሆነ ሰው የሳንባው ግፊት ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። እግር ያብጣል፣ ጥቂት መራመድ ያደክማል፣ አንዳንዴም ራስን ያስታል።

መድኃኒቱ ለምን በትንፋሽ ይሰጣል?

«እንግዲያው የደም ሥር የሚያሰፋ ክኒን ይዋጣ!» ሊሉ ይችላሉ። ሐኪሞችም አስበውታል። ክኒን ግን በደም ተሸክሞ ሁሉም ቦታ ስለሚደርስ ቡቃያ ያለበትን ቦይም የድንጋዩንም አንድ ላይ ይከፍታል። ያን ጊዜ ብዙ ደም አየር ወደሌለበት ክፍል ሄዶ ኦክስጅን ሳይዝ ይመለሳል። ግፊቱ ቀነሰ ሲባል ኦክስጅኑ ይወርዳል።

በትንፋሽ የሚሳብ መድኃኒት የሚደርሰው አየር በሚደርስበት ብቻ ነው። ስለዚህ «ቡቃያ ያለበትን ቦይ ብቻ ይከፍታል» ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ያማረ ሐሳብ ግን ሰው ላይ ሲሞከር የሚሆነው ሁልጊዜ የታሰበው አይደለም።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ውጤት

የመድኃኒቱን ስም ስላልጻፉልን ስለ እሱ ለይተን መናገር አንችልም። በዚህ መስክ ከተሞከሩት ሁለቱን ግን እንይ።

የመጀመሪያው ትሬፕሮስቲኒል ይባላል። የደም ሥር የሚያሰፋ ሲሆን በትንሽ ማሽን ተንኖ በቀን አራት ጊዜ ይሳባል። «ኢንክሪስ» በተባለው ጥናት እንደ አባትዎ ሳንባቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸውና በዚያ ሰበብ የሳንባቸው ግፊት ከፍ ያለ 326 ሰዎች ተሳትፈዋል። እኩሌቶቹ መድኃኒቱን፣ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሌለበትን እየሳቡ 16 ሳምንት ቆዩ። ዋናው መለኪያ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር መራመድ ይችላሉ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በታተመው ውጤት በሁለቱ ወገኖች መካከል የ31 ሜትር ልዩነት ታየ። ለጤነኛ ሰው 31 ሜትር ምንም ነው፤ ከአልጋ እስከ ሳሎን መድረስ ጉዞ ለሆነበት ሰው ግን ብዙ ነው። ሕመሙ በግልጽ የባሰባቸውም መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶ 23 ያህሉ፣ ካላገኙት ደግሞ ከመቶ 33 ያህሉ ነበሩ። ሳል፣ ራስ ምታትና ማዞር የመሰሉ ጠንቆች ታይተዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን ለእነዚህ ሕመምተኞች ፈቀደ።

እዚህ ላይ ቢቆም «በትንፋሽ መሆኑ ጥሩ ነው» ብለን ወደ ቤታችን በገባን ነበር። ግን ቀጠለ። «ለጠባሳ ከጠቀመ የሳንባቸው ግፊት ከፍ ላለ የሲኦፒዲ ሕመምተኞችም ይጠቅማል» ተብሎ «ፐርፌክት» የሚባል ሌላ ጥናት ተጀመረ። መድኃኒቱ ያው፣ አወሳሰዱም ያው ነበር። በዚህኛው ግን የተሳታፊዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ኮሚቴ መድኃኒቱን በሚወስዱት ላይ ከባድ ጉዳት መብዛቱን፣ የሞት አደጋም ሊጨምር እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት አየ። ጥናቱ ሳያልቅ ይቁም አለ፤ ቆመም።

እህታችን፣ ይህ ታሪክ ለቤታችሁ ክርክር ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንደኛ፣ የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ ክፉ ልማድ ነው። «እሷም ኦክስጅን ትስባለች፣ እኔም እስባለሁ» ተብሎ የሚወሰድ መድኃኒት አንዱን አጽንቶ ሌላውን ሊገድል ይችላል። ሁለተኛ፣ ሙከራው በመሃል እንዲቆም ያደረገው መድኃኒቱን የሚወስዱትን ከማይወስዱት ጋር የሚያነጻጽር መዝገብ ስለነበረ ነው። ንጽጽር ባይኖር የሲኦፒዲ ሕመምተኛ ሲብስበት ሁሉም «በሽታው ነው» ይል ነበር፤ መድኃኒቱ መሆኑን የሚጠረጥር አይኖርም።

ለሕፃናት የሆነው ለአያቶች አልሆነም

ሁለተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተውና የደም ሥር እንዲላላ የሚያደርግ ነው። ይህንን የገለጡት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ለአራስ ሕፃናት ተፈቀደ። ጊዜያቸው ደርሶ ወይም ሊደርስ ተቃርቦ ተወልደው የሳንባቸው የደም ሥር አልከፈት ብሎ ኦክስጅን ላጠራቸው ሕፃናት በትንፋሽ ይሰጣል።

ታዲያ ሳንባቸው ለጠበሰ አዛውንቶችስ? ከሰው ጋር የሚዞር፣ ሰውየው አየር ሲስብ ብቻ ጥቂት ጋዝ የሚለቅ መሣሪያ ተሠራ። በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ተስፋ ሰጠ። ከዚያ «ሪቢልድ» የተባለው ሰፋ ያለ ሙከራ ኦክስጅን የሚጠቀሙ 145 ሕመምተኞችን አሳተፈ። እጃቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚንቀሳቀሱ ተለካ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት፦ መድኃኒቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል የሚፈለገው ልዩነት አልታየም።

በጥቂት ሰው ላይ የታየ ተስፋ በብዙ ሰው ላይ ሲታይ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለአባትዎ «ይህ መድኃኒት ያድንዎታል» ያላቸው ሰው ካለ፣ ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል።

ኦክስጅኑስ? እሱም ተፈትኖ የመጣ ነው

አባትዎ ዛሬ አፍንጫቸው ላይ ያደረጉት ኦክስጅን ራሱ በትንፋሽ የሚሰጥ ሕክምና ነው። «አየር ለጎደለው ሰው አየር መስጠት ምን ሙከራ ያስፈልገዋል?» ይባል ይሆናል። ሆኖም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ኦክስጅናቸው በጣም የወረደ 87 የሲኦፒዲ ሕመምተኞች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን አገኘ፤ ሌላው አላገኘም። በአምስት ዓመት ውስጥ ኦክስጅን ካገኙት 42 ሰዎች 19 ሞቱ። ካላገኙት 45 ሰዎች ደግሞ 30 ሞቱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች «በቀን ከ15 ሰዓት አያንስ» የሚሉት በአብዛኛው በእነዚያ ሰዎች ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲያ «ለእነዚያ ከጠቀመ ኦክስጅናቸው ትንሽ ብቻ ለወረደም ይጠቅማል» ተባለ። አሜሪካ ውስጥ 738 የሲኦፒዲ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ሲታተም፣ መጠነኛ ጉድለት ላለባቸው ዕድሜም አላረዘመም፣ ሆስፒታል መመላለስም አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ስዊድን ውስጥ 241 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት 24 ሰዓት መጠቀምን ከ15 ሰዓት ጋር አነጻጽሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ብልጫ አላገኘበትም። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ሰው በቀን ጥቂት ሰዓታት ከቱቦው ተላቆ ደጅ መቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ለመጠየቅ ምክንያት ይሰጠዋል። በራስ ፈቃድ ሰዓት መቀነስ ግን አይገባም።

«መድኃኒት የሌለበትን መስጠት ማታለል አይደለም ወይ?»

የእናትዎ ጥያቄ ሥሩ እዚህ ይመስለናል። አባትዎ መድኃኒት የሌለበት ወገን ቢደርሳቸው የሚወስዱት ሌላ መድኃኒትና ኦክስጅናቸው ይቀርባቸዋል ማለት መሆን የለበትም። እንዲህ ባሉ ሙከራዎች የተለመደው ሁሉም የየራሱን ሕክምና እንደያዘ አዲሱን ወይም አዲሱን የሚመስለውን መጨመር ነው። የአባትዎም እንደዚያ መሆኑን ወረቀቱ ላይ አይታችሁ አረጋግጡ። አንዱን የታወቀ መድኃኒት አቁሙ የሚል ከሆነ፣ ከመፈረም በፊት ከሐኪማቸው ጋር በደንብ መነጋገር ያስፈልጋል።

ማታለል የሚሆነው ሳይነግሩ ሲቀር ነው። ለእናትዎ ፍርሃት ታሪክም ይመሰክርላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ ግዛት ተስኪጊ በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ድሃ ጥቁር ገበሬዎች በሽታቸው ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ ለምርምር ይታዩ ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ አገር ተናወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የምርምር ሕግ ወጣ። ዛሬ አባትዎ እጅ ያለው ሃያ ምናምን ገጽ ወረቀት የተወለደው ከእንዲህ ያለ በደል ነው። አሰልቺ ቢሆንም የእርሳቸው ጋሻ ነውና ሳይነበብ አይፈረም።

ስለ ጣት መለኪያው አንድ ማስጠንቀቂያ

ጣት ላይ ተሰክቶ ኦክስጅን የሚለካውን ትንሽ መሣሪያ ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ቤት ያውቀዋል። መሣሪያው በብርሃን ስለሚሠራ የቆዳ ጥቁረት ሊያሳስተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የታተመ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየ ጊዜ በደም ናሙና ሲታይ እውነተኛው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ሕመምተኞች ከመቶ 4 ያህል፣ በጥቁር ሕመምተኞች ከመቶ 12 ያህል መሆኑን አሳይቷል። ይህ ለአባትዎ ጉዳይ ነው። ሙከራው የኦክስጅን መጠንን የሚለካ ከሆነ በጣት መሣሪያ ብቻ ነው ወይስ ከደም ሥር ናሙናም ይወስዳሉ ብለው ይጠይቁ። ቤት ውስጥም ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ሲያጣጥር ካያችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ሰውየውን እመኑ። የቀዘቀዘ እጅና የጥፍር ቀለምም ልኬቱን ያዛባሉ።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

ወንድምዎ እነዚህን ጽፎ ይዞ ቢሄድ ይበጃል።

1. ይህ መድኃኒት የአባታችን ዓይነት የሳንባ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከዚህ በፊት ተሞክሯል? በስንት ሰው ላይ? ምን ተገኘ?

2. የሚለካው ምንድን ነው? ርቀት፣ ትንፋሽ፣ የደም ኦክስጅን ወይስ ዕድሜ?

3. አሁን የሚወስዱት ሕክምና ይቀጥላል?

4. በሳምንት ወይም በወር ስንት ጊዜ መመላለስ አለባቸው? ትራንስፖርቱን ማን ይችላል?

5. ጉዳት ቢደርስባቸው የሕክምናውን ወጪ ማን ይከፍላል? ሌሊት ቢብስባቸው የሚደወልበት ስልክ የትኛው ነው?

6. ሙከራው ሲያልቅ፣ መድኃኒቱ ከጠቀማቸው፣ ማግኘታቸውን ይቀጥላሉ?

7. ደኅንነታቸውን የሚከታተለው ኮሚቴ ማን ነው? በምን ሁኔታ ያስቆመዋል?

ሦስት ተጨማሪ ነገሮችም አሉ። ሙከራው መመዝገቡን ወንድምዎ «ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ» በተባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ ሊያየው ይችላል። «ሙከራው ውስጥ ለመግባት ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚል ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባትዎ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው መብታቸው ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው፤ የአማርኛ ይጠይቁ። ወንድምዎ ጎበዝ ቢሆንም አስተርጓሚ ባይሆን ይሻላል። ልጅ ለአባቱ ሲያስተረጉም የከበደውን ቃል ያለሰልሰዋል፤ «ሞት» የሚለውን ሲደርስ ይዘለዋል። አባትም ልጁ ፊት «ፈራሁ» አይልም።

አገር ቤት ለመምጣት ካሰቡ

አባትዎ ለበዓል መምጣት ከፈለጉ ይህንን አስቀድመው ይወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየርም ከዚህ ብዙ አይለይም። ሜሪላንድ ላይ የሚበቃቸው የኦክስጅን መጠን እዚህ ላይበቃቸው ይችላል። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ሐኪማቸው መጠኑን ይወስን፤ አየር መንገዱም ስለ ኦክስጅን መሣሪያው ቀደም ብሎ ይጠየቅ። ሙከራው ውስጥ ከገቡም መቼ ከከተማ መውጣት እንደሚችሉ ይነገራቸው።

ቤት ውስጥ ያለውን አደጋ አትርሱ

ሙከራው ቢኖርም ባይኖርም አባትዎን በየቀኑ የሚጠብቋቸው ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የነደደውን ግን ያቀጣጥላል። ስለዚህ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ከሰል አይያያዝም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ጧፍ አይበራም፣ ሲጋራ ከቶ አይታሰብም። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላና ሲኒው ይምጣላቸው። ጭሱም ለታመመ ሳንባ አይሆንም።

ትንፋሽ ባጠራቸው ቁጥር የኦክስጅኑን መጠን ከፍ ማድረግ ደግነት ይመስላል። በተለይ ሲኦፒዲ ላለበት ሰው ግን ከልክ ያለፈ ኦክስጅን የተቃጠለውን አየር በሰውነቱ እንዲከማች አድርጎ ሊያደነዝዘው ይችላል። ሐኪሙ ከወሰነው አይለፍ። ካልተሻላቸው ወደ ሐኪም ይደወል። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት እንዳያመልጣቸው። በየቀኑ ጥቂትም ቢሆን ይራመዱ፤ «አባዬ አይነሱ፣ እኛ እናመጣለን» የሚል ፍቅር ጡንቻ ያደክማል።

እንግዲህ ምን ይበሏቸው?

እህታችን፣ «አንቺ ያልሽው ይሁን» መባልዎ ክብር ነው፤ ይህ ግን በታላቅ ልጅ ድምፅ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ሳንባው የአባትዎ ነው፤ ፊርማውም የእርሳቸው ብቻ ነው። ማስገደድም ማስከልከልም አይገባም። የእርስዎ ድርሻ ገብቷቸው እንዲወስኑ ማድረግ ነው። ከላይ ያሉት ጥያቄዎች መልስ አግኝተው፣ በአማርኛ ተነግሯቸው፣ አሁንም «ልግባ» ካሉ ይግቡ። «ይቅርብኝ» ካሉም ሕክምናቸው ሊጓደል አይገባም፤ ይህም በሕግ የተጻፈ ነው። ገብተው ከጀመሩ በኋላም በማንኛውም ቀን «በቃኝ» ማለት ይችላሉ፤ ቅጣት የለውም። መድኃኒቱን ግን በድንገት ከመተዋቸው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

እናትዎን ደግሞ ስልኩ ላይ ወይም አጠገባቸው ተቀምጠው አስተርጓሚው ሲያነብ አብረው ይስሙ። ለእርሳቸው «መሞከሪያ» የሚለው ቃል ሰው ሳያውቅ የሚደረግበት ነገር ነው። አባትዎ እየጠየቁ፣ እየተመለሰላቸው፣ «ይህንን አልፈልግም» እያሉ ሲሰሙ ልዩነቱን ራሳቸው ያዩታል። አባትዎ ለምን ልግባ እንዳሉም ያኔ ይጠይቋቸው። ምናልባት ለራሳቸው ተስፋ አድርገው ይሆናል፤ ከሆነ ተስፋው በልክ እንዲሆን ይርዷቸው። ምናልባትም ከእርሳቸው በኋላ ለሚታመመው አስበው ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ማንም ሊከለክላቸው አይገባም።

ለአባትዎ ጤና እንመኛለን።